በፖከር ቶርናመንት ቺፕ ሲያንስ፦ ውሳኔ ወይስ ዕድል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በቴክሳስ ሆልደም ቶርናመንት ላይ ቺፔ (በገንዘብ ፈንታ የምጫወትበት) ወደ አሥር ቢግ ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ በግዴታ ከሚከፈሉት ሁለት ውርርዶች ትልቁ) ሲወርድ ምን ማድረግ እንደሚሻል ለመወሰን እቸገራለሁ። ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ብጠብቅ ብላይንዱና አንቴው (በየዙሩ የሚከፈል ተጨማሪ የግዴታ ውርርድ) ይጨርሰኛል፤ መካከለኛ ካርታ ይዤ ኦል-ኢን ስገባ (ቺፔን በሙሉ ሳስይዝ) ደግሞ አንዱ አስና ንጉሥ ይዞ ያስወጣኛል። እዚህ ደረጃ ላይ ችሎታ ምንም ዋጋ የለውም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ 1
አይደለም፤ ሒሳቡን ይመልከቱት። ዲለር ቦታ (ከሁለቱ ብላይንድ ከፋዮች በፊት የሚወስነው የመጨረሻ ሰው) ላይ ሆነው ከእርስዎ በፊት ያሉት ሁሉ ካርታቸውን ጣሉ እንበል። ሁለቱ ብላይንዶች (ትንሹ የቢግ ብላይንድ ግማሽ ነው) እና አንድ ቢግ ብላይንድ የሚያህለው አንቴ ተደምረው መሐል ላይ 2.5 ቢግ ብላይንድ አለ። አሥሩንም ሲያስገቡ ኮል የሚደረጉት (ሌላው ውርርድዎን ተቀብሎ የሚገጥምዎት) ከመቶ 30 ጊዜ ብቻ ቢሆን፣ ያን ጊዜም የማሸነፍ ዕድልዎ 35 ከመቶ ቢሆን እንኳ፣ ውሳኔው በአማካይ አንድ ቢግ ብላይንድ ያህል ያተርፋል። ትርፉ የሚገኘው ሌሎቹ ካርታቸውን ስለሚጥሉ ነው። ሦስት ቢግ ብላይንድ እስኪቀር ከጠበቁ ግን ይህ ኃይል ያልቃል፤ ቢግ ብላይንድ ላይ ያለው ሰው ሁለት ብቻ ጨምሮ 5.5 የማግኘት ዕድል ስላለው ባገኘው ካርታ ሁሉ ማለት ይቻላል ኮል ያደርጋል።

መልስ 2
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሽልማት ሊጀምር አንድ ሁለት ሰው ሲቀር ሒሳቡ ይለወጣል። እዚያ ላይ የሚያጡት ቺፕ ከሚያገኙት ቺፕ ይበልጥ ዋጋ አለው፤ በተለይ ከእርስዎ ያነሰ የያዘ ሰው በሌላ ጠረጴዛ ካለ። ቀድሞ ኦል-ኢን መግባትና የሌላውን ኦል-ኢን ኮል ማድረግም ፈጽሞ አንድ አይደሉም። በአስና በአሥር ቀድመው ሊገቡ ይችላሉ፤ ያንኑ ካርታ ብዙ ቺፕ ያለው ሰው ቀድሞ ሲገባብዎት መጣሉ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

መልስ 3
ስለ ዕድል የተነሣውን ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም የፖከር ሻምፒዮና ዋናው ውድድር ላይ አሥር ሰዎች ሲቀሩ ክሪስ መኒሜከር አስና ንግሥት፣ ፊል አይቪ ጥንድ ዘጠኝ ይዘው ተገናኙ። ጠረጴዛው ላይ ከወረዱት አምስት የጋራ ካርታዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሁለት ንግሥትና ስድስት በመሆናቸው መኒሜከር መራ፤ አራተኛው ዘጠኝ ሆኖ አይቪን ወደ ፊት አመጣው። ገንዘቡ ሁሉ የገባው በዚህ ጊዜ ሲሆን ለመኒሜከር ከቀሩት 44 ካርታዎች የሚያድኑት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ የመጨረሻው ካርታ ግን አስ ሆነ። አይቪ አሥረኛ ሆኖ ወጣ፤ መኒሜከር 839 ተጫዋቾች በነበሩበት ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። አይቪ በዚያ ሰዓት ኦል-ኢን በመግባቱ ምንም ስሕተት የለበትም።

በአንድ ውድድር ዕድል ይህን ያህል ትልቅ ነው። 80 ከመቶ እየመሩ ሦስት ጊዜ ኦል-ኢን ቢገቡ እንኳ ሦስቱንም የማሸነፍ ዕድልዎ 51 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጨዋታ ሲወጡ የቺፕዎን መጠን፣ የተቀመጡበትን ቦታና የያዙትን ካርታ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ውሳኔውን ኋላ ሲመረምሩ ጠረጴዛው ላይ የወረዱትን ካርታዎች አይቁጠሯቸው።