የአባቴ ሁለተኛው የደም ምርመራ ከመጀመሪያው የከፋ ይመስላል፤ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳው

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 57 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ኮሮና ያለፈ ነገር መስሎን፣ ጉንፋን ነው እያልን ስድስት ቀን ቤት አቆየናቸው። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን አምጥተን ሆስፒታል አስተኛናቸው። ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። የገቡ ዕለት ያለ ኦክስጅን ሲለካ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 88 በመቶ ነበር፤ በደቂቃ 24 ጊዜ ይተነፍሱ ነበር። ወዲያው ኦክስጅን በአራት ሊትር ተደረገላቸው፤ መቆጣትን የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒትም በዚያው ቀን ተጀመረላቸው።

ሁለት የላቦራቶሪ ወረቀቶች በእጄ አሉ። ከራስጌያቸው፣ ከበርኖሳቸው ሥር አጥፌ አስቀምጬ በየሰዓቱ እየገለጥሁ አያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ነጭ የደም ሴል 6.2፣ ከነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ኒውትሮፊል 82 በመቶ፣ ሊምፎሳይት 10 በመቶ፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) 168፣ ሲአርፒ (የሰውነት መቆጣት መለኪያ) 64፣ ዩሪያ (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) 36።

የዛሬው፦ ነጭ የደም ሴል 12.4፣ ኒውትሮፊል 88 በመቶ፣ ሊምፎሳይት 7 በመቶ፣ ፕላትሌት 215፣ ሲአርፒ 31።

ነጭ የደም ሴሉ እጥፍ ሆኗል፤ ሊምፎሳይቱም ወርዷል። የአጎቴ ልጅ «ሊምፎሳይቱ የወረደ ሰው ይከፋበታል» የሚል አንብቦ ቤተሰቡን ሁሉ አስለቅሷል። ሐኪሙን ጠዋት ሲዞር ብጠይቀው «ደህና ናቸው» ብሎኝ አለፈ። ደህና ከሆኑ ይህ ቁጥር ምንድን ነው? አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ ዲ-ዳይመር (የደም መርጋት ምልክት) እና ፌሪቲን (ብረት የሚያከማች ፕሮቲን) የተባሉ ምርመራዎች በግል ላቦራቶሪ ይሠራላቸው፣ ገንዘቡን እልካለሁ ትላለች። ላሠራ?

መልስ፦ የጤና ተማሪ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። በእንግሊዝ አገር በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሆስፒታል የተኙ የኮሮና ሕመምተኞችን መረጃ ይዘው የሞት አደጋን ለመገመት ያወጡት የነጥብ አሰጣጥ አለ፤ ስምንት ነገሮችን ይደምራል። በእሱ ላስላልህ፦ ዕድሜ 2፣ ወንድ በመሆናቸው 1፣ ስኳር 1፣ የአተነፋፈስ ፍጥነት 1፣ ኦክስጅን ከ92 በታች ስለሆነ 2፣ ንቃተ ኅሊናቸው ሙሉ ከሆነ 0፣ ሲአርፒ ከ50 በላይ 1፣ ዩሪያ ከ14 በላይ 3። ድምሩ 11 ከ21። ከ9 እስከ 14 ነጥብ ካገኙት ሰዎች 31 በመቶ ያህሉ አርፈዋል። ልደብቅህ አልፈለግሁም።

መልስ፦ ላቦራቶሪ ክፍል የምሠራ

ተማሪው፣ እጅህን ሰብስብ! ዩሪያውን በምን መለኪያ አነበብኸው? ያ የነጥብ አሰጣጥ ዩሪያን የሚቆጥረው በሚሊሞል በሊትር ነው። እኛ ዘንድ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ጠያቂው ከቁጥሩ ጎን ያለውን ጽሑፍ አይተህ አረጋግጥልን፤ ሚሊግራም ከሆነ 36ን ለ6 ታካፍላለህ፣ 6 ይመጣል። ከ7 በታች ዜሮ ነጥብ ነው። ድምሩ 8 ይሆናል ማለት ነው፤ ከ4 እስከ 8 ባለው ክፍል ደግሞ ያረፉት 10 በመቶ ያህል ነበሩ። ሰውየው አልጋቸው ላይ እንደተኙ፣ በአንድ መለኪያ ስሕተት ከ10 ወደ 31 ወሰድኻቸው።

አሁን ወደ ሊምፎሳይቱ። ወንድሜ፣ በመቶኛውን ተወውና ብዛቱን አስላ። ወረቀቱ ላይ 6.2 ማለት 6.2 ሺህ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀን 6,200 ነጭ የደም ሴል ነበራቸው፤ የዚያ 10 በመቶ 620 ነው። ዛሬ 12,400 አላቸው፤ የዚያ 7 በመቶ 868 ነው። ወረደ ያልኸው ጨምሯል! ለአዋቂ ሰው ከ1,000 በታች አነስተኛ ስለሆነ ገና አልሞላም፤ አካሄዱ ግን ወደ ላይ ነው። በመቶኛው የወረደው ኒውትሮፊሉ ስለበዛ ብቻ ነው። አንድ ቁና ስንዴ ባለበት ጎተራ ውስጥ አሥር ቁና ገብስ ስትጨምርበት የስንዴው ድርሻ ያንሳል እንጂ ስንዴውን ማን ነካው?

ሌላም ልንገርህ፣ ሥራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ከቁጥሩ በፊት ናሙናው አለ። ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ከሴሎቹ ውስጥ የሚወጡት ኤልዲኤች የተባለው ኢንዛይምና ፖታሲየም በሐሰት ከፍ ይላሉ። ፕላትሌት ብልቃጡ ውስጥ ከተጓጎለ ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥረዋል። አንድ ቁጥር ድንገት ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም ከሆነ «ይደገምልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

መልስ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ነው፤ መሐል ሜዳ ያለበት መንዝም ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የእኛ ሰው ኦክስጅን ዝቅ ማለቱ የተለመደ አይደለም? 88 ለደገኛ ምንም ላይሆን ይችላል።

መልስ፦ ጠቅላላ ሐኪም

የደብረ ብርሃኑ ልጅ፣ ሐሳብህ መሠረት አለው፤ 88ን ግን አይሸፍንም። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክቶ አማካይ ሙሌታቸው 95 በመቶ ግድም ሆኖ አግኝቶታል። ያ ከመሐል ሜዳም ከደብረ ብርሃንም የሚበልጥ ከፍታ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ደገኛ 88 ሲያሳይ «አገሩ ነው» ብሎ ማሳለፍ ሰው ይጎዳል። እንኳን አመጣችኋቸው።

ልጃቸው ሆይ፣ የዛሬው ወረቀት ያስደነገጠህ ዴክሳሜታዞኑን ረስተኸው ነው። ይህ መድኃኒት ከደም ሥር ግድግዳና ከመቅኔ ኒውትሮፊሎችን ወደ ደም ያወጣል። ስለዚህ ከጀመሩ በኋላ ነጭ የደም ሴል 12 ወይም 13 ሺህ መግባቱ የሚጠበቅ ነው፤ ትኩሳት ካልተመለሰና አክታው ካልተለወጠ በራሱ አዲስ ኢንፌክሽን አያሳይም። ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት አካፍለን የምናየው ንጽጽርም በዚሁ ምክንያት ይዛባል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ1 እስከ 3 ያህል ነው፤ የአባትህ መጀመሪያ ቀን 8 ግድም ነበር። ዋጋ ያለው ያ ነው፣ መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት የተወሰደው፤ ሕመሙ ቀላል እንዳልሆነ ተናግሯል። የዛሬው 12.6 ከበሽታው ይልቅ ስለ መድኃኒቱ ያወራል።

ሲአርፒ ከ64 ወደ 31 ወርዷል። መቆጣቱ እየበረደ ነው ማለት ነው፤ እኔ ብሆን ከሁለቱም ወረቀቶች ይህን መስመር ነበር ቀድሜ የማየው።

ስለ ነጥብ አሰጣጡ፦ የዩሪያው እርማት ትክክል ነው። ነገር ግን መረጃው በአብዛኛው የተሰበሰበው ዴክሳሜታዞን የተለመደ ሕክምና ከመሆኑ በፊት ነው፤ የመድኃኒቱ ጥቅም የታወቀው በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2012 ነው። ክትባትም ገና አልነበረም። 10 በመቶ ማለት እንዲህ ያለ ነጥብ ካገኙ 100 ሰዎች 10 ያህሉ ማለት ነው፤ አባትህ ከመቶው የትኛው እንደሆኑ ወረቀቱ አያውቅም። ደግሞም ከስምንቱ ነገሮች የደም ምርመራ የሆኑት ሲአርፒና ዩሪያ ብቻ መሆናቸውን አስተውል። ከሁሉ ብዙ ነጥብ የሚይዘው ዕድሜ ነው።

ዲ-ዳይመርና ፌሪቲን ሳታሠራ በፊት የሚያክሟቸውን «ውጤቱ ከፍ ቢል ሕክምናውን ይቀይራሉ?» ብለህ ጠይቅ። ሆስፒታል ለተኛ የኮሮና ሕመምተኛ የሚከለክል ነገር ከሌለ ደም እንዳይረጋ መከላከያ ሄፓሪን ቀድሞውንም ይሰጣል። አንድ እግር ቢያብጥ ወይም ኦክስጅኑ ድንገት ቢያሽቆለቁል ነገሩ ሌላ ነው። ፌሪቲን ደግሞ በማንኛውም መቆጣት ይጨምራል። የእህትህ ገንዘብ ለሌላ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም ወረቀቶች ላይ አጣሁ፤ ስኳራቸው ስንት ነው? ስኳር ያለበት ሰው ዴክሳሜታዞን ሲወስድ የደም ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። ዛሬውኑ ጠይቅ።

መልስ፦ ሲስተር ከሸዋ ሮቢት

እኔ ቆላ ስላለሁ ይህን ልጨምር። በቅርቡ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ቀወት ወርደው ከነበረ የወባ ምርመራም ይደረግላቸው። ወባም ፕላትሌትንና ሊምፎሳይትን ያወርዳል፤ ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሊይዙም ይችላሉ።

አንተ አጠገባቸው ስላለህ ከወረቀት የሚቀድም ሥራ አለህ፤ ትንፋሻቸውን ቁጠር። ሳያውቁ፣ ጋቢው ደረታቸው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል እያየህ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። እየቆጠርህ እንደሆነ ካወቁ አተነፋፈሳቸው ይቀየራል። ከ30 ካለፈ፣ ወይም ንግግራቸው ከተደነባበረ፣ ተራ ሳትጠብቅ ነርስ ጥራ።

የመሐል ሜዳው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዩሪያው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ አየሁት። ተማሪው አትዘን፣ የአጎቴ ልጅ ካንተ ይብሳል። ወደ ቆላ ከወረዱ ዓመት አልፏቸዋል።

ስኳሩን ጠየቅሁ። ነርሷ መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ፤ ትናንት ማታ 312 ነበር፣ ኢንሱሊን ጀምረውላቸዋል። እኔ ሊምፎሳይት ሳሰላ እነሱ እሱን እየተከታተሉ ነበር። ሐኪሙም «ደህና ናቸው» ያለኝ ለምን እንደሆነ ከሰዓት ቆሞ አስረዳኝ፦ ኦክስጅኑ ላይ ሊትሩን የምታሳየው ትንሿ ኳስ መጀመሪያ 4 ላይ ነበረች፣ አሁን 2 ላይ ናት፤ ሙሌታቸውም 94 ነው። በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጬ ለካ አላየኋትም።

ትንፋሻቸውን ቆጠርሁ፤ 20። በሁለተኛው ቆጠራ ላይ ዐይናቸውን ገልጠው «ምን ታፈጥብኛለህ? በጎቹን ማን ያያቸዋል?» አሉኝ። ሲአርፒው ከነገ ወዲያ ይደገማል ተብሏል፤ ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ።