ቱቦውን ማሽን ካየው «ሐኪሙ ይረፍ»?

ሰመመን፦ ጠዋት እዚህ የተለጠፈውን አያችሁት? «ኤአይ የደረት ኤክስሬይ አይቶ የመተንፈሻ ቱቦው በትክክል መግባቱን በሰከንዶች ይነግረናል፣ ከእንግዲህ ሐኪሙ ይረፍ» ይላል። ደሜ ነው የፈላው። ቱቦው ትራኪያ (የአየር ቧንቧው) ውስጥ መግባቱን የሚያረጋግጠው ካፕኖግራፊ ነው፣ በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሞገድ ስክሪኑ ላይ ካልመጣ ቱቦው የምግብ ቧንቧ ውስጥ ገብቷል ብለህ ነው የምትነሳው። ከፊት የተነሳ ፊልም ላይ ሁለቱ ቧንቧዎች ተደራርበው ነው የሚታዩት። ኤክስሬይ እስኪመጣ ከተጠበቀማ ሰው ይሞታል። ታዲያ የሚያርፈው ማነው?

ኮደሩ፦ ዶክተር፣ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የምግብ ቧንቧን ማን አነሳ? እኔ ያወራሁት ስለ ጥልቀት ነው። ቱቦው ትራኪያን አልፎ ቀኝ ብሮንከስ (ወደ ቀኝ ሳንባ የሚሄደው ቅርንጫፍ) ውስጥ ሲገባ ካፕኖግራፊዎ ያው ሞገዱን ያሳያል፣ ግራው ሳንባ ግን አየር አጥቶ ይኮማተራል። ሶፍትዌሩ የቱቦውን ጫፍና ካሪናን፣ ማለትም ትራኪያ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ፣ ፈልጎ ርቀቱን ይለካል። ለአዋቂ ከካሪና በላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ከሆነ ደህና ነው፣ ከዚያ ሲወጣ ያስጠነቅቃል። በ2020 የአሜሪካው የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ፣ ጂኢ የተባለው ኩባንያ ተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ ማሽኑ ላይ የጫነውን እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ፈቅዷል። ተረት አላወራሁም።

ሰመመን፦ ጥሩ፣ ስለ ጥልቀት እናውራ። «ሐኪሙ ይረፍ» ግን ጥልቀት አይልም። የጻፍከውን ነው የምጠይቅህ።

ሲስተር ማታ፦ ዶክተር፣ በሌሊት የተነሳ ፊልም ስንት ሰዓት ማንም ሳያየው የሚያድር አለ እኮ! እኛ ታካሚውን አገላብጠን ስንጨርስ መጀመሪያ የምናየው ቱቦው ላይ ከንፈሩ ጋ ያለውን የሴንቲሜትር ቁጥር ነው። ፕላስተሩ በምራቅ ርሶ ላልቶ፣ 22 የነበረው 24 ሆኖ ይገኛል። ያኔ ፊልሙን ቶሎ የሚያይልኝ ማሽን ቢኖር አልጠላም። ይረፍ የሚለውን ግን እኔም አልወደድኩትም።

ፊልም አንባቢ፦ ሲስተር ልክ ናት፣ ግን አንገቱስ? አገጩ ወደ ደረቱ ሲወርድ ቱቦው ወደ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ቀና ሲል ደግሞ ያን ያህል ይወጣል። ታካሚው አንገቱ ሳይደፋም ቀና ሳይልም ፊልም ተነስቶ ማሽኑ «3 ሴንቲሜትር፣ ደህና» ቢል፣ አንገቱን ሲደፋ 1 ቀረው ማለት ነው። እኔ ፊልሙ ላይ መንጋጋው የት እንዳለ አይቼ ነው የምፈርደው። ሌላም አለ። የአውስትራሊያና ኒውዚላንድ ራዲዮሎጂስቶች ኮሌጅ ካግል በሚባለው የኤአይ ውድድር ድረ ገጽ ላይ ባወጣው ውድድር፣ ከ30,000 በላይ ፊልም ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦው ቦታውን ስቷል የተባለው ከ100 ያነሰ ነበር። ማሽኑ ያላየውን ስህተት እንዴት ነው የሚያውቀው?

ኮደሩ፦ ይሄ ትክክለኛ ክርክር አይደለም። እሱ «ደህና» ወይም «ደህና አይደለም» ብሎ ለሚፈርጅ ሞዴል ነው። ጫፉንና ካሪናን ነጥሎ የሚለካው ግን ከትክክለኛው ፊልምም ይማራል። አንገቱን በተመለከተ እስማማለሁ፣ ገደቡ ላይ የወደቀውን ሁሉ ሰው ይየው።

ፊልም አንባቢ፦ ካሪና በማይታይበት ፊልምስ? ሳንባው በፈሳሽ ነጥቶ፣ ታካሚው ተጣሞ ተኝቶ፣ የጨጓራ ቱቦና የሞኒተር ሽቦ ተደራርቦ? አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ያለው ፊልም እኮ እንደዚህ ነው። የለካው ከሌላ ሽቦ ጫፍ ከሆነ ቁጥሩ ቆንጆ ሆኖ ይወጣል፣ ውሸት ነው።

ስቴቶ፦ ለምን ታካብዱታላችሁ? ግራና ቀኙን አዳምጦ መለየት ለማን ያቅታል?

ሰመመን፦ ለብዙዎቻችን ያቅታል ወንድሜ! ቱቦው ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው፣ በዚያ አየር ስለሚያልፍ ቀኝ ገብቶም ግራ ሊሰማህ ይችላል። በጆሮ ብቻ አይታመንም።

ስቴቶ፦ እንግዲህ ጆሮም ፊልምም ማሽንም ካልታመነ ምን ቀረ?

ሰመመን፦ ሁሉም አንድ ላይ። አንዱ ዝም ስላለ ሌላውን መተው ነው የሚገድለው። እኔን የሚያስፈራኝ የማሽኑ ጩኸት አይደለም፣ ዝምታው ነው። ዝም ሲል «አይቶታል» ተብሎ ፊልሙ ሳይከፈት ያድራል።

ኮደሩ፦ ዛሬስ ያለ ማሽን ሳይከፈት እያደረ አይደለም? ሲስተር አሁን የነገረችን ምንድነው? እኔ ይረፍ ያልኩት ፊልም በተራ ከመደርደር ይረፍ ነው። አደገኛው ወደ ላይ ይውጣለት።

ሰመመን፦ እንደሱ ብለህ አልጻፍክም። አስተካክለው፣ ሰው አንብቦ ያምናል።

ኮደሩ፦ አላስተካክልም ዶክተር፣ ሐሳቡ ግልጽ ነው።

ሲስተር ማታ፦ አንድ ነገር መልሱልኝ። ማሽኑ «ደህና» ብሎ፣ ከንፈሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን በ2 ከተቀየረ፣ ማንን ነው የምቀሰቅሰው?

ሰመመን፦ እኔን።

ኮደሩ፦ ፊልሙ የተነሳው ቁጥሩ ከመቀየሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሱን ሳታውቂ ማሽኑን አትውቀሺው።

ፊልም አንባቢ፦ በሌሊት፣ አንድ ነርስ ለስንት ታካሚ ቆማ፣ ይሄን እንድታጣራ ነው የምትጠይቃት?