ድርቅ ይችላል የተባልኩት ሰሊጥ በውሃ አለቀብኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አምና መተማ፣ ኮኪት አካባቢ ከአማቴ 2 ሄክታር የእኩል ይዤ ሰሊጥ ዘራሁ። በትራክተር አሳርሼ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በእጅ በተንኩት። «ሰሊጥ ድርቅ ይችላል፣ አታስብ» አሉኝ። እኔ ዝናብ እንዳያንስ ስሰጋ የጎዳኝ መብዛቱ ሆነ። ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለና ታችኛው ጫፍ ላይ ውሃ ተኛበት። በሳምንቱ ቡቃያው ቢጫ ሆነ። ስነቅለው ሥሩ ጠቁሯል፣ ልጣጩ ጣቴ ላይ ቀረ። ከሁለቱ ሄክታር 4 ኩንታል አፈስኩ፣ እሱንም ከአማቴ ጋር ተካፈልን። ዘንድሮ ልድገመው ወይስ ማሽላ ልዝራ?

ዋልካው፦
አይዞህ ወንድሜ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ፣ ውሃ የሚይዘው ጭቃማው ነው አይደል? ሰሊጥ ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃ ጥሙን ይችላል። ውሃ ከተኛበት ግን ሁለት ቀንም ይበዛበታል። ታችኛውን ጫፍ ማሽላ አድርገው፣ እሱ ይሻላል። ላይኛውን ሰሊጥ ዝራ፣ ግን ከመዝራትህ በፊት የማጠንፈፊያ ቦይ አውጣለት። ብተናውንም ተው። በመስመር መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ክፈት። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ካልቀላቀልከው አንዱ ቦታ ይከመራል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። የመጀመሪያውን ወር አረም እንዳያመልጥህ፣ ሰሊጥ ሲበቅል ደካማ ነው።

ጀማሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዳገቱ ላይ የተረፈውም እኮ ረግፎብኛል። መቼ ነው የሚታጨደው?

እማማ ሂላ፦
ልጄ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ፍሬ አፉን ሳይከፍት እጨደው። እስኪደርቅ ከጠበቅህ ለመሬት ነው የዘራኸው። ችግሩ ያን ሰሞን ሁሉም ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ዋጋው በየቀኑ ይንራል። ቀድመህ ተነጋገር። ያሰርከውን ነዶ አናቱን ወደ ላይ አድርገህ፣ እርስ በርሱ አደጋግፈህ አቁመው፤ ሂላ የምንለው ይህን ነው። ሂላው ሲደርቅ ደግሞ አታቆየው። የሰሊጥ ትኋን የሚባል ተባይ ይገባበታል፣ ዘይቱን መጥጦ ፍሬውን ገለባ ያደርገዋል። እኔ አንድ ዓመት ለቅሶ ሄጄ ሳላራግፍ ቆየሁ፤ የቀረው ፍሬ ሲቀመስ መሮ ነጋዴው አልነካም አለኝ። ስታራግፍ ነዶውን በቀስታ አንስተህ ሸራ ላይ ዘቅዝቀው።

ጀማሪው፦
ታችኛው ማሽላ ሆነ እንግዲህ፣ አማቴም ተስማምተዋል። እማማ፣ ሸራው ስንት በስንት ይበቃል?