ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ስር፦ አባቴ በውሃ ይውጠዋል

ጥያቄ፦
አባዬ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሐኪሙ ናይትሮግሊሰሪን የሚባል የልብ ሕመም ክኒን አዘዘለት። እሱ ግን በውሃ ይውጠዋል። የቀረውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይይዛል። ችግር አለው?

መልስ 1 (ፋርማሲስት)፦
አለው እህቴ። ሲዋጥ አብዛኛው ጉበት ላይ ይከሽፋል። መጀመሪያ ቁጭ ይበል። የደም ግፊት ስለሚያወርድ ቆሞ ከወሰደው ሊወድቅ ይችላል። ከምላሱ ስር ያድርገውና ይሟሟ። በ5 ደቂቃ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀሉ 907 ነው። ክኒኑ ከራሱ ብልቃጥ አይውጣ፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል። ቪያግራ ይወስድ እንደሆነም ጠይቂው። ሁለቱ አብረው ግፊቱን ክፉኛ ይጥሉታል። አባትን እንዲህ መጠየቅ ይከብዳል፣ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

መልስ 2፦
እናቴም ትወስዳለች። ራስ ምታት ቢይዘው አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ቪያግራው ወንድሜ ዛሬውኑ ይጠይቀዋል።