«በሁሉም ዘንድ የታመነ» ካሼር? የትኞቹ ሁሉ?

የአምቦበር ልጅ፦
ትናንት እዚህ የቤተ እስራኤል ግሩፕ ላይ አንዲት እህታችን በይሁዳ ኮረብታዎች ስላለ አንድ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ምግብ ቤት ጽፋ ነበር። የእናቷን ልደት እዚያ አክብረዋል። የፍየል አይቡን አደነቀች፣ ዓሣውን አደነቀች፣ ወይን ማሳው መሀል ፎቶ ተነሥተዋል። ደስ ይላል፣ ለእናታችን ዕድሜ ይስጥልን። መጨረሻ ላይ ግን ምን አለች? «ካሼርነቱ (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ መሆኑ) በሁሉም ዘንድ የታመነ ስለሆነ ማንም ሳይጨነቅ ይሂድ።» በሩ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ፎቶው ውስጥ ይታያል። የራባኑት፣ ማለት የመንግሥቱ የራቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ብቻ አይደለም፤ የባዳጽም፣ ማለት ጥብቅ የሆነ የራቢዎች ፍርድ ቤት፣ ማኅተም አለበት። የወይን ጠማቂውን የባርካንን ነገር እንዲህ ቶሎ ረሳነው? በእኔ አይሁድነት ላይ ጥያቄ ያነሡ ሰዎች የሚሰጡት ወረቀት እንዴት ነው «በሁሉም ዘንድ» የሚሆነው?

ልደት ያከበርኩት፦
ያቺ እህት እኔ ነኝ። ምሳ ነው የበላነው ወንድሜ፣ ፊርማ አላኖርንም። አባቴ ካሼርነቱን ካላረጋገጠ የሰው ቤት ውሃ አይቀምስም። ያን ቀን ወረቀቱን አነበበ፣ ተቀመጠ፣ በላ። «በሁሉም» ያልኩት ለዚህ ነው። የጻፍኩትን ሁሉ ትተህ አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠልክ።

ቤር ሼቫ አራተኛ ፎቅ፦
ያኔ ልጆች ለነበሩት ልንገራቸው። ጁን 2018 ነው። ባርካን ከአገሪቱ ትልልቅ ወይን ጠማቂዎች አንዱ ነው። የኤዳ ሐሬዲትን፣ የኢየሩሳሌም አክራሪ ኦርቶዶክስ አይሁድ ማኅበርን፣ ባዳጽ ማኅተም ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አነሣቸው። ሰንበት አያከብሩም ተብለው አይደለም። አይሁድ መሆናቸው ተጠርጥሮ ነው። የእስራኤል የሕዝብ ብሮድካስተር ካን አጋለጠው፣ አገር ተንጫጫ። ያኔ ዋና ራቢ የነበሩት ይጽሐቅ ዮሴፍ ሳይቀሩ ዘረኝነት ነው አሉ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ነው ሠራተኞቹን እመልሳለሁ ያለው። አባታቸው ራቭ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ከወሰኑ እኮ 45 ዓመት አልፎ ነበር!

ወይን ቤት የሠራሁ፦
ባዳጽ ባዳጽ ትላላችሁ፣ የትኛው ባዳጽ? ባዳጽ አንድ መሰላችሁ እንዴ? ቤት ዮሴፍም ባዳጽ ነው። እሱን ያቋቋሙት ራሳቸው ራቭ ዖቫድያ ናቸው። የአምቦበር ልጅ ፎቶውን አጉልተህ ማኅተሙን አንብበኸዋል? ወይስ «ባዳጽ» የሚለውን ስታይ ደምህ ፈላ?

የአምቦበር ልጅ፦
ፎቶው ደብዛዛ ነው። እሷ ትንገረን። የትኛው ነው?

ልደት ያከበርኩት፦
የወረቀቱን ማኅተም እንድመረምር ነው ወይስ የእናቴን ኬክ እንድቆርስ የሄድኩት?

የአምቦበር ልጅ፦
አየሽ! የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ ነው «በሁሉም ዘንድ» ያልሽው።

ሲግድ በየዓመቱ፦
እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እህቴ ሆይ፣ ትናንት በጻፍሽው ላይ «አስተናጋጁ ጠርሙሱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቆመ፤ ኪፓ (የአይሁድ ቆብ) ያደረገ ሌላ ልጅ መጥቶ ቡሹን ነቀለልን» ብለሻል። እንደ ትልቅ ሥነ ሥርዓት አድርገሽ ነው ያወራሽው። ያ ቆሞ የቀረው አስተናጋጅ ምን ተሰማው ይሆን? ነገ አንዷ የእኛ ልጅ እዚያ ተቀጥራ ጠርሙስ ይዛ ብትቆምስ?

ልደት ያከበርኩት፦
ለእኛ ልጅ ይፈቀድላታል። የእኛ ልጅ አይሁድ ናት።

ሲግድ በየዓመቱ፦
ማን ዘንድ? «በሁሉም ዘንድ»?

ወይን ቤት የሠራሁ፦
እስቲ ቆዩ። ይህ ሕግ ለእኛ ተብሎ የወጣ አይደለም። ወይኑ ከተጨመቀበት ሰዓት ጀምሮ እስኪታሸግ ድረስ ሰንበት የሚያከብር አይሁድ ብቻ ነው የሚነካው። እኔ በሠራሁበት ቦታ ዋናው ጠማቂ ሰንበት አያከብርም ነበር። ፈረንሳይ አገር የተማረ ባለሙያ ነው። የገዛ በርሜሉን ቧንቧ መክፈት አይችልም። መቅመስ ሲፈልግ እኔን ይጠራል። እኔ እከፍታለሁ፣ እቀዳለሁ፣ እሰጠዋለሁ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር የሚዞረው፣ እንዳይረሳና እንዳይነካ። እሱ ነጭ ነው፣ እኔ ጥቁር ነኝ፣ ቧንቧው በእኔ እጅ ነበር። ሜቩሻል ከሆነ ደግሞ፣ ማለት ወይኑ በሙቀት ካለፈ፣ ማንም ይቅዳው። ብዙ ምግብ ቤቶች ሜቩሻል የሚያቀርቡት ለዚህ ነው። ባርካን ላይ የሆነው ነውር ነው፣ አልከራከርም። ግን ነውሩን ከሕጉ ለዩት።

ቤር ሼቫ አራተኛ ፎቅ፦
ጥሩ አስረዳህ። ግን ያ ጠማቂ ነገ ሰንበት ማክበር ቢጀምር ቧንቧው ይፈቀድለታል። ባርካን ላይ የነበሩት ወንድሞቻችን ግን ምን ቢያደርጉ ነው የሚፈቀድላቸው? ቆዳቸውን ይለውጡ?

ወይን ቤት የሠራሁ፦
እኔም እኮ ነውር ነው አልኩ። ምን ልጨምርልህ?

አባ ከቂርያት ጋት፦
ልጆቼ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ሳለን እኛስ ምን ነበርን? ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ብለው ይጠሩን ነበር። ክርስቲያን የነካውን አንበላም። ገበያ ውለን ስንመለስ ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቤት አንገባም። ሰፈራችን ከወንዝ አጠገብ የነበረው በከንቱ አይደለም። ባላገሩ ሊጠይቀን ሲመጣ ደጅ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ ሌላው ወይኔን አትንካ ሲለን እንዲህ መገረማችን ይገርመኛል።

ሲግድ በየዓመቱ፦
አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ አይነጻጸርም። እናንተ ከሌላ እምነት ሰው ነው የተጠበቃችሁት። እነዚህ እኮ በገዛ ወንድማቸው ላይ ነው ያደረጉት። ደግሞ እናንተ ማንንም ከእንጀራው አላፈናቀላችሁም።

አባ ከቂርያት ጋት፦
ልክ ነሽ ልጄ፣ አላፈናቀልንም። ግን የሸክላ ሠሪዋን ገንቦ የምትገዛው ጎረቤት ደጅ ስትቀመጥ ደስ ይላት ነበር ብለሽ ነው? ደግሞ እኔን ስለ ራባኑት አትንገሪኝ። በፈረንጆች 1985 አይሁድነታችሁ እንዲጸና ውሃ ግቡ ሲሉን ኢየሩሳሌም ደጃቸው ላይ ሜዳ ላይ ካደሩት አንዱ ነኝ።

ከአዲስ አበባ፦
ከውጭ ሆኜ ልግባ፣ ክርስቲያን ነኝ። እኛም አገር የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው። በሰርግ እንኳ ለየብቻ ይታረዳል፣ ማንም አይቀየምም። ለምን ትጣላላችሁ?

ቤር ሼቫ አራተኛ ፎቅ፦
ወንድሜ፣ እሱ በሁለት ሃይማኖት መካከል ነው። በአንተው ደብር የምትቆርብ ሆነህ «ያንተ ክርስትና ያጠራጥራል፣ የጸበሉን ዕቃ አትንካ» ብትባል ዝም ትላለህ?

ከአዲስ አበባ፦
እሱስ ልክ ነህ። አንገት እንተናነቃለን።

ነታንያ ነኝ፦
ሁላችሁም ሕግ ሕግ ትላላችሁ፣ ዋጋውን ያነሣ የለም። እኔም እንዲህ ዓይነት ቦታ ሄጄ ነበር፣ ገሊላ። ሦስት ቁራጭ አይብ፣ አንድ እፍኝ የወይራ ፍሬ፣ ትንሽ ዳቦ። ሒሳቡ ሲመጣ ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለቴ ገለበጠው። ለዚህ ነው እንዴ የምንጣላው?

ልደት ያከበርኩት፦
የእኛ ያን ያህል አልነበረም። ልጆቹ የበሉት ፓስታ ነው።

የአምቦበር ልጅ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቦታ ከማስያዛችን በፊት ስልክ ደውለን «የማን ማኅተም ነው? ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ወይኑን ይነካል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «አይነካም» ከሆነ ገንዘባችንን ይዘን ሌላ ቦታ። ይህ ምኑ ነው የከበደው?

ልደት ያከበርኩት፦
ለእናቴ ልደት ቦታ ለማስያዝ እንዲህ ብዬ ልጠይቅ? «ጤና ይስጥልኝ፣ ለስምንት ሰው፣ በረንዳው ላይ፣ ለመሆኑ እኛን እንደ አይሁድ ትቆጥሩናላችሁ?» እሱ ነው ውርደቱ! እኔ ራሴን ለማንም አላስመረምርም። ራቭ ዖቫድያ የጥንቱን ራቢ የራድባዝን ጽሑፍ ይዘው ጨርሰውታል። ከእሳቸው በኋላ የሚጠራጠር ካለ ችግሩ የእሱ ነው። እኔ ምሳዬን እበላለሁ።

ሲግድ በየዓመቱ፦
በደንብ መለስሽ። ግን «በሁሉም ዘንድ» የሚለውን አሁንም አላነሣሽም።

ልደት ያከበርኩት፦
አላነሣም! አባቴ ዘንድ የታመነ ነው። ለእኔ አባቴ ሁሉም ነው።

የአምቦበር ልጅ፦
እንዲያ ከሆነ «አባቴ ዘንድ» ብለሽ ጻፊ።

ወይን ቤት የሠራሁ፦
እህቴ፣ የጠርሙሱን ጀርባ ፎቶ አንሥተሻል? እዚያ ላይ ማኅተሙ አለ። ሜቩሻል መሆኑም ተጽፏል።

ልደት ያከበርኩት፦
ጠርሙሱን ወንድሜ ወስዶት አበባ አድርጎበታል። ጽሑፉን ልጦታል።

ነታንያ ነኝ፦
ሃሃሃ! በቃ እኔ ቤት ኑ። ጠላ እጠምቃለሁ፣ ማንም ይነካዋል፣ ማንም ይቀዳዋል። ከፋሲካ በፊት አንድ ሐሙስ እናድርገው።

አባ ከቂርያት ጋት፦
የኔ ልጅ፣ ጠላው እስከ ፋሲካ ካላለቀ ምን ልታደርጊው ነው? ገብስ እኮ ነው። ሐሜጽ ነው፣ በፋሲካ ቤት ውስጥ የማይቀመጥ እርሾ ያለበት ነገር።

ነታንያ ነኝ፦
አባ፣ እናንተ እያላችሁ ጠላ ይተርፋል?

ሲግድ በየዓመቱ፦
ጠጅ ይሻላል። ጌሾው ካለ እኔ አመጣለሁ።

ወይን ቤት የሠራሁ፦
በሱቅ የሚሸጠውን ጌሾ እንዳታመጪ። ባለፈው የገዛሁት አሮጌ ነበር፣ ጠጁ ስኳር ውሃ ሆነብኝ።

የአምቦበር ልጅ፦
ርእሱ ጠጅ አይደለም! ማኅተሙ የማን ነው? የሚያውቅ ይናገር።