የድንጋይ አጥር በብሎኬት ስንተካ ወሰኑ የት ላይ ይቆማል? (አዳማ)

የመምህርቷ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የእናቴን ቤት አባቴ የሠራው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ከተማችን ናዝሬት ነበረች። አጥሩ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከባድ ዝናብ ጥሎ በመንገድ በኩል ያለው 14 ሜትር ወደ ውጭ አዘነበለ። ተማሪዎች በሥሩ ስለሚያልፉ እናቴ በርጩማ አውጥታ «በዚያኛው ጠርዝ ሂዱ» ስትል ትውላለች።

ግንበኛው «ለአጥር ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ቅዳሜ አፍርሰን እሑድ ማታ እናቆመዋለን» አለኝ። ይህ «እሑድ ማታ» የሚለው ነገር አላማረኝምና ወደ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባለሙያው መጥቶ ሲለካ አጥራችን ከካርታው 80 ሳንቲ ሜትር ወደ መንገድ ወጥቶ ተገኘ። «ከጠገናችሁት ባለበት ይቆያል፤ ካፈረሳችሁት ግን ወደ ውስጥ ትገባላችሁ» ብሎኝ ሄደ።

ታዲያ ጥገና የት ላይ አብቅቶ ነው አዲስ ግንባታ የሚጀምረው? በጓሮ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ የቀበሌ ቤት ተከራይ ናቸው። ስለ ወሰኑ የሚፈርምልን ማን ነው?

ውሃ ልክ

እህቴ፣ ግንበኛውን አትስሚው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነባሩን ማሻሻልንም ግንባታ ብሎ ነው የቆጠረው። በሥራዬ እንዳየሁት፣ የወደቀ ድንጋይ መልሶ መካብና መለሰን ጥገና ነው። መሠረት ከተቆፈረና ድንጋዩ በብሎኬት ከተተካ ግን ጥገና ነው ብሎ የሚቀበልሽ የለም። ያዘነበለ የጭቃ ግንብ ደግሞ ቢጠግኑትም ዕድሜ የለውም። ሰማንያዋን ሳንቲ ሜትር ልቀቂያት። ብቻ ሳታፈርሺ በፊት ወሰኑን አስለኪ፣ ቃለ ጉባኤ አስይዢ፣ የአጥሩን ፎቶግራፍ ከአራቱም ማዕዘን አንሺ። ከፈረሰ በኋላ «እዚህ ነበር» ብትዪ ማን ያምንሻል?

ደጅ ጠኚ

የቀበሌ ቤቱን በተመለከተ፦ አዋጅ 47/67 ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ካዞረ ጀምሮ ባለቤቱ መንግሥት ነው። ተከራዩ የቱንም ያህል ደግ ሰው ቢሆኑ በሰው ንብረት ወሰን ላይ አይፈርሙም። የሚፈርመው ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል ነው። አማቴ በተከራይ ፊርማ አጥር ሠርተው፣ ተከራዩ ሲቀየሩ ነገሩ እንደገና ከሀ ጀመረ። ሦስት ዓመት ተመላለስን። ፊርማውን በማኅተም አድርጊው፤ ይዞታችሁ ሲመዘገብም ይጠቅምሻል።

ነፋስ የለመደ

ስለ ወረቀቱ ተብሏል፤ እኔ ስለ ግንቡ ልናገር። አጥርሽ ወደ ውጭ ካዘነበለ የገፋው ከመንገድ የመጣ ውሃ ሳይሆን ግቢ ውስጥ የታቆረው ነው። አዲሱ አጥር ከግርጌው ማስተንፈሻ ቱቦ ካልተቀበረለት በሌላ ሐምሌ ይህንኑ ታያለሽ። ቱቦው ግን ወደ ጎረቤት እንዳያፈስ። ሁለተኛው ነፋሱ ነው፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው አለምክንያት አይደለም። የእኔን አጥር 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ብሎኬት፣ ያለ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) 11 ሜትር አስረዝሜ ሠራሁት፤ ገና ሳይለሰን አንድ የየካቲት ከሰዓት በኋላ አስተኛው። አሁን በየሦስት ሜትሩ ኮለን አለው።

የመምህርቷ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የውሃው ነገር እውነት ነው፤ የጓሮው ቦይ ከተደፈነ ቆይቷል፣ እኛ ግን መንገዱን ስናማ ኖርን።

እናቴ ስለ 80 ሳንቲ ሜትሩ ስነግራት «አባትሽ በገመድ ነው የለካው፤ ገመዱ ረጥቦ ይሆናል» ብላ ሳቀች። ያሳሰባት መሬቱ ሳይሆን እሱ የተከለው ማንጎ ነው። ለካሁት፤ አዲሱ አጥር ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያልፋል። ውሃ ልክ፣ ኮለኖቹን ከሥሩ ግራና ቀኝ አድርጎ መካከሉን በኮንክሪት ማሻገር ይቻላል?

ውሃ ልክ

ይቻላል። ፈቃድ ስትጠይቂ በሥዕሉ ላይ ዛፉም ይግባ። ቁፋሮው እዚያ ጋ በእጅ ይሁን፤ ወፍራሙን ሥር እንዳይቆርጡት ቆመሽ ጠብቂ።

የመምህርቷ ልጅ

እናቴ በርጩማዋን ይዛ ትጠብቃለች። ግንበኛው ግን ዛሬም ደውሎ እሑድ ማታ ሥራ እንደሌለው ነግሮኛል።