የወረርሽኝ ዝግጁነት ረቂቅ፦ ገንዘቡ ለክትባት ወይስ ለምርመራ?

አስተባባሪዋ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። የመጀመሪያው ረቂቅ «በጀቱ በሙሉ ለክትባት ምርምር ይዋል» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የኮቪድን ነገር እናስታውስ። የቫይረሱ የዘረመል መረጃ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው። የኮቪድ ክትባት በሰው ላይ መሞከር የጀመረው በማርች ነው። ብሪታንያ ለፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባት ፈቃድ የሰጠችው ደግሞ ዲሴምበር 2 ላይ። ይሄ ተአምር የሚባል ፍጥነት ነው፤ ቀድሞ በፍጥነቱ ይወደስ የነበረው የጆሮ ደግፍ ክትባት አራት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ግን በእነዚያ ወራት ሰው እየሞተ ነበር። ያን ጊዜ በእጃችን የነበረው ምርመራ፣ ማስክና ርቀት ብቻ ነው። ረቂቁ ስለዚያ ጊዜ አንድ ቃል የለውም።

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦
እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ክትባቱ እንደሚሠራ የታወቀው እኮ በምርመራ ነው! የፋይዘርና ባዮንቴክ ሙከራ ላይ ከ43 ሺህ በላይ ሰው ተሳትፏል። ኮቪድ ያዛቸው ተብለው የተቆጠሩት 170 ናቸው። ከእነሱ 162ቱ ክትባቱ ያልደረሳቸው፣ 8ቱ ደግሞ የተከተቡ ነበሩ። ክትባቱ 95 በመቶ ይከላከላል የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ሳል ያለበት ሁሉ ኮቪድ አይደለም፤ የለየው ፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል በናሙና ውስጥ የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ላቦራቶሪ ከሌለ ክትባቱ እንደሚሠራ በምን እናውቃለን? በኋላም ኦሚክሮን የተባለው አዲስ የቫይረሱ ዝርያ በኖቬምበር 2021 ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ ቶሎ የተደረሰበት ናሙና የሚመረምሩ ሰዎች ሥራቸው ላይ ስለነበሩ ነው።

የክትባት ተመራማሪዋ፦
ሐሳባችሁ ገብቶኛል፤ ግን የእኛን ድርሻ አትቁረጡት። አሥራ አንድ ወር የፈጀው ሥራ የተጀመረው በ2020 አይደለም። የኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ክትባቱ ለሰውነት ሕዋስ መመሪያ የሚያደርስበት ሞለኪውል፣ ምርምር የአሥርት ዓመታት ልፋት ነው። የኮቪድ ቫይረስ ዘመዶች በሚያመጧቸው በሽታዎች፣ በሳርስና በመርስ ጊዜ የተሠራው ሥራም መንገዱን ጠርጓል። ወረርሽኝ ሲጠፋ በጀቱ አብሮ ከጠፋ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያ ፍጥነት አይኖርም። ስለዚህ የክትባት ገንዘብ በሰላሙ ጊዜ በየዓመቱ ይመደብ። ወረርሽኙ በገባበት ሳምንት ግን ቅድሚያው ለምርመራ ቢሆን አልቃወምም።

ሲስተር፦
ዶክተር፣ በዚህ ተስማምተናል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውጤቱ በአምስተኛው ቀን ከመጣ ምርመራው ለማን ይጠቅማል? እስከዚያ ሰውየው ሥራ ገብቷል፣ ቤተሰቡንም አስይዟል። ቶሎ ቢመጣስ፣ ቤት ከዋለ የዕለት ገቢው ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ምርመራውን ቢሸሽ አልፈርድበትም። ረቂቁ «በብዛት እንመርምር» ብሎ እንዳያቆም። ውጤት በ24 ሰዓት ይድረስ፤ ራሱን ያገለለ ሰው የቀረበት ገቢ ይተካለት፤ ንክኪ የነበራቸውን የሚያፈላልግ ሰው ይቀጠር። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ምርመራ ማለት በሽተኛ መቁጠር ብቻ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦
ሲስተር ልክ ናቸው። ደቡብ ኮሪያም የተሳካላት በመመርመሪያው ብቻ አይደለም። በ2015 በመርስ 186 ሰው ታሞባት 38 ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ሕጓን አሻሽላ ለመመርመሪያ የአስቸኳይ ፈቃድ መስጫ አበጀች፤ በፌብሩዋሪ 2020 መጀመሪያ ፈቃዱን ሰጠች። አብራም ንክኪ ያላቸውን ታፈላልግ ነበር። የፈቃዱን ነገር በረቂቁ እናስገባ፤ ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ሕግ ማርቀቅ ጊዜ ይበላል።

አስተባባሪዋ፦
እሺ፣ አንቀጽ 2ን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «የክትባት ምርምር በየዓመቱ ቋሚ በጀት ይኑረው። ወረርሽኝ ሲታወጅ የመጀመሪያው ተጨማሪ ገንዘብ ለምርመራ፣ ንክኪ ያላቸውን ለማፈላለግና ራሳቸውን ላገለሉ ሰዎች ገቢ መተኪያ ይዋል። የመመርመሪያ የአስቸኳይ ፈቃድ ሥርዓት አስቀድሞ ይዘጋጅ።» የቀረን አንድ ጥያቄ ነው፤ ገቢ መተኪያውን አሠሪው ይክፈል ወይስ መንግሥት? እኔ መንግሥት እላለሁ፤ ብዙ ሠራተኛ አሠሪ የለውም። ሲስተር፣ ይህን ክፍል እርስዎ ቢጽፉልን?

ሲስተር፦
እጽፋለሁ። የጤና ባለሙያዎችንም እጨምራለሁ፤ እኛም ታመን ቤት እንውላለን።